ብርሃኑን የሚቀበለው ምንድን ነው? በሚቶኮንድሪያ ሕመም የዐይን ቆባቸው ለወረደ ልጆች ስለሚታሰበው የቀይ ብርሃን ሕክምና

መግቢያ

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ቤታችን መጣች። ልጁ የክፍሉን ሰሌዳ ለማየት አገጩን ወደ ላይ ያቀናል፤ ወደ ማታ ሲደክመው ደግሞ የቀኝ ዐይኑን ቆብ በጣቱ ደግፎ ያነባል። ከብዙ ምልልስ በኋላ ወደ ውጭ አገር የተላከው ናሙና ልጁ የሚቶኮንድሪያ ሕመም እንዳለበት አሳውቋል። እናቱ ያን ቀን ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ መብራት አወጣች፤ ቀይ ብርሃን የምትሰጥ፣ ውጭ የሚኖር ወንድሟ ገዝቶ የላከላት። «ወረቀቱ ሚቶኮንድሪያን ያነቃቃል ይላል። አንተ የምትማረው ይህንኑ አይደል? ላብራለት ወይስ ይቅር?» አለችኝ። የባዮኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ብሆንም የሰጠኋት መልስ «አንብቤ ልንገርሽ» የሚል ብቻ ነበር።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን መሠረት በማድረግ የደረስሁበትን አስተያየት ለአንባብያን ማቅረብ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። የቀይ ብርሃን ሕክምና ሐሳቡ ከንቱ ነው ብዬ አላምንም። ሆኖም በሚቶኮንድሪያ ሕመም ምክንያት የዐይን ቆባቸው ለወረደ ልጆች፣ ከተቆጣጠረ ጥናት ውጭ፣ በቤት ውስጥ ሊበራ አይገባውም እላለሁ። ዋናው ምክንያቴ ብርሃኑን ይቀበላል ተብሎ የሚታሰበው ኢንዛይም በታመሙት የጡንቻ ቃጫዎች ውስጥ የጎደለው ያው ኢንዛይም መሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙና የዐይን ቆብ

ሚቶኮንድሪያ በሴሎቻችን ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን አካላት ሲሆኑ ከምግብና ከኦክስጅን ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን የኃይል ምንጭ ያመርታሉ። የራሳቸው የሆነ አነስተኛ ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው። በ1981 ሙሉ ቅደም ተከተሉ ታትሞ የወጣው ይህ ዲ.ኤን.ኤ. 16,569 ጥንድ ፊደላት፣ በውስጣቸውም 37 ዘረመሎች አሉት። ከእነዚህ መካከል 13ቱ የኃይል ማምረቻው ሰንሰለት ፕሮቲኖች መሥሪያ ናቸው። ቀሪዎቹ 24 ዘረመሎች ደግሞ እነዚያኑ ፕሮቲኖች ለመገንባት የሚያስፈልጉት የአር.ኤን.ኤ. ዐይነቶች መሥሪያ ናቸው።

በ1988 ተመራማሪዎች የጡንቻ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከዚህ ዲ.ኤን.ኤ. ትልቅ ቁራጭ ተቆርጦ እንደሚገኝ አሳዩ። በብዛት የሚታየው ጉድለት 4,977 ጥንድ ፊደላትን ያሳጣል። ከጠፉት ዘረመሎች ውስጥ አሚኖ አሲድ የሚያመላልሱ አምስት አር.ኤን.ኤዎች ስለሚገኙ ጉዳቱ በተቆረጠው ቦታ አይወሰንም፤ የ13ቱም ፕሮቲኖች ግንባታ ይደናቀፋል። በአንድ ሴል ውስጥ ጤነኛውና ጎዶሎው ዲ.ኤን.ኤ. ተደባልቀው ስለሚኖሩ ሕመሙ የሚገለጠው የጎዶሎው ድርሻ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው።

የዐይን ቆብን የሚያነሣው ጡንቻ ነቅተን ባለንበት ሰዓት ሁሉ ሳያርፍ ይሠራል። ዐይንን የሚያዘዋውሩት ጡንቻዎችም እንዲሁ ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ። ስለዚህ የኃይል እጥረቱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው በእነርሱ ላይ ነው። በ1958 ኬርንስና ሴይር የተባሉ ሐኪሞች የዐይን እንቅስቃሴ መዳከምን፣ የሬቲና መጎዳትንና የልብ የኤሌክትሪክ መልእክት መቋረጥን በአንድነት ገልጸው ጻፉ። በስማቸው የሚጠራው ይህ ሕመም የሚጀምረው ከ20 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። የወረደ የዐይን ቆብ እንግዲህ በመልክ ላይ የሚታይ ምልክት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከኋላው የሚጎዳ ሬቲናና በድንገት ሊቆም የሚችል ልብ ሊኖር ይችላል።

ብርሃን መድኃኒት የሆነባቸው ጉዳዮች

በብርሃን ማከም ለሕክምና ሳይንስ እንግዳ አይደለም። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በአገራችን ሆስፒታሎችም ቢጫ የሆኑ ጨቅላ ሕፃናት በሰማያዊ ብርሃን ሥር ሲተኙ ብዙ እናቶች አይተዋል። ምናልባትም ለአክስቴ ልጅ መብራቷን የሚታመን ያደረገው ይኸው ትዝታ ነው። በጨቅላዎቹ ላይ ግን ብርሃኑ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይታወቃል። በቆዳቸው ውስጥ የተከማቸው ቢሊሩቢን ሰማያዊውን ብርሃን ይቀበላል፤ ቅርጹ ይለወጣል፤ ከሰውነትም በቀላሉ ይወጣል። ተቀባዩ አለ፤ ብርሃኑ ይደርሰዋል፤ ውጤቱም በደም ምርመራ ይለካል።

የቀይ ብርሃን ሕክምና መነሻ ከዚህ የተለየ ነው። በ1967 በቡዳፔስት ይሠሩ የነበሩት ኤንድሬ ሜስተር ቀይ የሌዘር ብርሃን የተላጩ አይጦችን ፀጉር ፈጥኖ እንደሚያበቅል አስተዋሉ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ቀይና ለቀይ ቅርብ የሆነው የማይታይ ብርሃን ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ በተባለው የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይም እንደሚዋጥ፣ በዚህም የኤ.ቲ.ፒ. ምርት እንደሚጨምር የሚገልጽ መላ ምት አቀረቡ። የመጠኑም ነገር ጥንቃቄ ይሻል፤ ጥቂቱ ብርሃን ሲያነቃቃ ብዙው መልሶ እንደሚያዳክም በተደጋጋሚ ታይቷል።

ይህ ዘርፍ ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም። በካንሰር ሕክምና ምክንያት የሚመጣውን የአፍ ቁስል ለመከላከል ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች ይደግፉታል። በ2020 በለንደን የተሠራ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ28 እስከ 72 የሆኑ 24 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ለ3 ደቂቃ 670 ናኖሜትር ብርሃን እንዲመለከቱ አድርጎ፣ ዕድሜያቸው 40 ገደማና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ቀለምን የመለየት ችሎታ መሻሻሉን ዘግቧል። ይህ ጥናት «ብርሃን ሚቶኮንድሪያን ያድሳል» ለሚለው አባባል እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ይሰማል። ነገር ግን የተጠኑት በዕድሜ የደከሙ እንጂ በዘረመል የጎደሉ ሚቶኮንድሪያዎች አይደሉም፤ በመካከላቸውም አንድ ልጅ አልነበረም።

ዋናው ቅራኔ

አሁን ወደ ነጥቤ ልመለስ። ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ ከአሥር በላይ ክፍሎች ያሉት ኢንዛይም ነው። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ዐበይት ክፍሎች የሚሠሩት በሚቶኮንድሪያው በራሱ ዲ.ኤን.ኤ. መመሪያ ነው። ቀዩን ብርሃን ይውጣሉ የሚባሉት የመዳብና የሄም ማዕከሎች የሚገኙት ደግሞ ከእነዚህ ሦስቱ በሁለቱ ውስጥ ነው።

ትልቅ የዲ.ኤን.ኤ. ጉድለት ካለበት ታማሚ የተወሰደ የጡንቻ ናሙና ለዚህ ኢንዛይም በተዘጋጀ ቀለም ሲነከር ጤነኞቹ ቃጫዎች ቡናማ ይሆናሉ፤ የታመሙት ግን ቀለሙን ሳይዙ ይቀራሉ። ሐኪሞች ሕመሙን ከሚያረጋግጡባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ይኸው የኢንዛይሙ አለመኖር ነው። በአንድ በኩል በሽታው ያለው ኢንዛይሙ በጠፋበት ቃጫ ውስጥ ነው እንላለን፤ በሌላ በኩል መድኃኒቱ ያንኑ ኢንዛይም የሚያነቃቃ ብርሃን ነው ይባላል። መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ ፀሐይ ብታርፍ ቤቱ አይበራም።

ለዚህ ክርክር ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ጡንቻው ቅይጥ ነው የሚል ነው። ከታመሙት ቃጫዎች አጠገብ ኢንዛይሙ ያልጠፋባቸው ስላሉ ብርሃኑ እነርሱን አበርትቶ የጎደለውን ሊያካክስ ይችላል። ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ እኔም አልክደውም። ሁለተኛው ተቃውሞ ብርሃኑን የሚቀበል ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል የሚል ነው። በእርግጥም ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሌላቸው ሴሎች ለብርሃኑ ምላሽ መስጠታቸውን ያመለከቱ የቤተ ሙከራ ሥራዎች አሉ። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ለመብራቱ ሻጮች የሚጠቅም አይመስለኝም። ተቀባዩ ሌላ ከሆነ በወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ማብራሪያ ይፈርሳል፤ ትክክለኛው መጠንና የብርሃን ዐይነትም እንደ ገና መፈለግ ይኖርበታል። ሁለቱም ተቃውሞዎች የሚያመለክቱት ገና ያልተሠራ ጥናት መኖሩን ነው።

ሊነሣ የሚገባው ሌላም ሥጋት አለ። የኃይል ማምረቻው ሰንሰለት መካከሉ ላይ በተሰበረበት ሴል ውስጥ ሰንሰለቱን ማፋጠን ጎጂ የሆኑ የኦክስጅን ውጤቶችን ሊያበዛ ይችላልን? በጤነኛ ሴል ላይ የተገኘ መልስ ለዚህ ጥያቄ አይበቃም።

ብርሃኑ ይደርሳልን? ወዴትስ ያልፋል?

ተቀባዩ አለ ብንል እንኳ ብርሃኑ ወደ እርሱ መድረስ ይኖርበታል። የዐይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ የሳሳ ነው። ነገር ግን ቆቡን የሚያነሣው ጡንቻ ሥጋው ያለው ቆቡ ላይ አይደለም። ከዐይን ጉድጓድ ጥልቀት፣ ከራስ ቅል አጥንት ተነሥቶ በጉድጓዱ ጣሪያ ሥር ወደ ፊት ይዘልቃል፤ ቆቡ ጋር ሲደርስ ወደ ጅማትነት ተለውጧል። በቆቡ ላይ የተያዘ መብራት በቅድሚያ የሚያገኘው ጅማቱን ነው። ጡንቻው ከስብና ከአጥንት ኋላ ይቀራል።

ከጡንቻው ይልቅ ለብርሃኑ ቅርብ የሆነው ዐይኑ ራሱ ነው። ዐይናችንን ጨፍነን ፊታችንን ወደ ፀሐይ ስናዞር ቀይ የምናየው ቆባችን ከሌላው ቀለም ይልቅ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ስለሆነም «ዐይንህን ጨፍን» የሚለው መመሪያ ሬቲናን ከቀይ ብርሃን ሙሉ በሙሉ አይከልልም። የኬርንስና ሴይር ሕመም ባለበት ልጅ ላይ ደግሞ ይህ ሬቲና አስቀድሞ የተጎዳ ነው።

ሥጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። በቻይና የልጆችን የቅርብ እይታ ችግር ለማዘግየት 650 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን የሚሰጡ መሣሪያዎች በስፋት ጥቅም ላይ ውለዋል፤ ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ደቂቃ ብርሃኑን ይመለከታል። ጥናቶች ጠቃሚነታቸውን ዘግበዋል። ነገር ግን በ2023 መሣሪያውን ለወራት የተጠቀመች የ12 ዓመት ልጅ በሁለቱም ዐይኖቿ ሬቲና ላይ ጉዳት እንደ ደረሰባት በሕክምና መጽሔት ተገለጸ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መሣሪያዎቹን ከፍተኛ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የሕክምና መሣሪያዎች ተርታ መድቧቸዋል። በእርግጥ እዚያ ልጁ ብርሃኑን በቀጥታ ይመለከታል፤ በቆብ ላይ የሚያርፈው ግን ተዘዋውሮ የሚገባ ነው። ልዩነቱ የሥጋቱን መጠን ሊቀንሰው ይችላል፤ ሥጋቱን ግን አያስቀረውም። የቻይናዎቹ ልጆች ሬቲና ጤነኛ እንደ ነበረም ማስታወስ ይገባል።

ካለፉ ሥራዎች የምንማረው

በዚህ የሕመም ዘርፍ በወረቀት ላይ አሳማኝ የነበረ ሐሳብ በተግባር ሲከሽፍ ታይቷል። ዳይክሎሮአሴቴት የተባለው ንጥረ ነገር በሚቶኮንድሪያ ታማሚዎች ደም ውስጥ የሚከማቸውን የላክቲክ አሲድ ይቀንሳል። ስለዚህ ይረዳቸዋል ተብሎ ታመነ። በ2006 ታትሞ የወጣው በ30 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን መድኃኒቱ የእጅና የእግር ነርቮችን በመጉዳቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል።

በተቃራኒው ደግሞ ፍርሃትም ሲሳሳት ታይቷል። የሚቶኮንድሪያ የጡንቻ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይጎዳቸዋል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይፈራ ነበር። ጉዳዩ በሥርዓት ሲጠና በልካቸው የተዘጋጀ ልምምድ ብርታታቸውን እንደሚጨምር ተረጋገጠ። ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትምህርታቸው አንድ ነው፤ በዚህ ሕመም ላይ ከሥነ አመክንዮ ብቻ የሚነሣ ተስፋም ሆነ ሥጋት በሥራ መፈተን አለበት። የእኔም የ«ተቀባይ የለም» ክርክር ከዚህ ነጻ አይወጣም። ተሳስቼ ልገኝ እችላለሁ፤ ስሕተቴን የሚያሳየኝ ግን ልኬት እንጂ የሽያጭ ወረቀት አይሆንም።

ምን ዐይነት ጥናት?

ጥናቱ በሦስት ደረጃ ቢሄድ መልካም ነው። በመጀመሪያ የጎዶሎው ዲ.ኤን.ኤ. ድርሻ የታወቀ የታማሚ ሴሎች በቤተ ሙከራ ብርሃን ይብራላቸው፤ የኤ.ቲ.ፒ. ምርታቸውና ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶቻቸው ይለኩ። ቀጥሎ ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው፣ ስለራሳቸው ፈቃድ መስጠት የሚችሉ ዐዋቂዎች ይጠኑ። ልጆች የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ከልጆች መጀመር ተገቢ የማይሆንበት ተግባራዊ ምክንያትም አለ፤ ሬቲናን በእርግጥ የሚከልል ጋሻ ዐይን ላይ በቀጥታ መቀመጥ ስላለበት በየቀኑ ልጅ ላይ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

ሰው ሁለት የዐይን ቆብ ያለው መሆኑ ለተመራማሪ ዕድል ነው። በዕጣ ለአንደኛው እውነተኛ መብራት፣ ለሌላው የማስመሰያ መብራት ሊደረግ ይችላል። ለቀይ ቅርብ የሆነው ብርሃን በዐይን ስለማይታይ ታማሚውም ሆነ መዛኙ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ጥናቱን ማካሄድ ይቻላል። የሚለካው ከላይኛው ቆብ ጠርዝ እስከ ዐይን መካከል ያለው ርቀት ነው፤ በጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፎቶግራፉ በየጊዜው በአንድ ሰዓት መነሣት አለበት፤ ቆቡ ጠዋትና ማታ እኩል አይደለምና። ቅንድብም መያዝ ይኖርበታል፤ እነዚህ ታማሚዎች በግንባራቸው ጡንቻ ቆባቸውን ማንሣት ስለሚለምዱ በግንባር ጥረት የመጣው መሻሻል የመብራቱ ሊመስል ይችላል። በመጨረሻም ሕመሙ ዝግተኛ ስለሆነ «በስድስት ወር አልባሰበትም» የሚል ውጤት እንደ ስኬት ሊቆጠር አይገባም። ስንት ሚሊ ሜትር ለውጥ ጥቅም እንደሚባል አስቀድሞ ይጻፍ።

እስከዚያው ድረስ

ጥናት ይጠበቅ ማለት ልጁ ያለ እርዳታ ይቆይ ማለት አይደለም። የቤት መብራት ትልቁ ጉዳት ምናልባት መብራቱ ራሱ ሳይሆን የሚወስደው ጊዜ ነው። የዐይን ቆቡ የወረደ ልጅ ሁሉ የሚቶኮንድሪያ ሕመም የለበትም። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው ሕመም ተመሳሳይ ገጽታ ሲኖረው በመድኃኒት የሚታከም ነው። ቆቡ ከወረደ ጋር የዐይን ብሌኑ መጠን የተለወጠ እንደሆነ ደግሞ የነርቭ ጉዳት ወይም ዕጢ ሊኖር ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ያሻል። መብራቱን ለሦስት ወር ሞክሮ ሐኪም ዘንድ የሚመጣ ቤተሰብ እነዚህን ሦስት ወራት መልሶ አያገኛቸውም።

ሕመሙ በእርግጥ የሚቶኮንድሪያ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ልብ ነው። በየጊዜው የሚደረግ የኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ የኤሌክትሪክ መልእክቱ መዳከሙን አስቀድሞ ያሳያል፤ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያም በጊዜው ሊተከል ይችላል። ለዐይን ቆቡ በመነጽር ላይ የሚገጠም ቀጭን ድጋፍ አለ፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ካልተስማማም ይወልቃል። ቆቡ ብሌኑን ከሸፈነ የልጁ አእምሮ ከዚያ ዐይን ማየትን እንዳይተው የዐይን ሐኪም በቅርብ ሊከታተለው ይገባል። ቀዶ ሕክምናም ይቻላል፤ ነገር ግን እነዚህ ልጆች ሲተኙ ዐይናቸው ወደ ላይ በበቂ ስለማይዞር ቆቡ ከመጠን በላይ ቢነሣ ኮርኒያው ይደርቃል፤ ይቆስላልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቆቡን የሚያነሡት በቁጥብነት ነው።

ለዚህ መጽሔት አንባብያን፣ በተለይም የጥናት ርእስ ለሚፈልጉ ባልንጀሮቼ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። የብርሃን ጥናቱን ለመጀመር አቅሙ ባይኖረን እንኳ የዐይን ቆባቸው የወረደ ልጆችን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ርቀት፣ ቅንድብ ተይዞ በተነሣ ፎቶግራፍ መመዝገብና የኢ.ሲ.ጂ. ውጤታቸውን ማያያዝ እንችላለን። ነገ ማንኛውም ሕክምና ሲመጣ፣ ብርሃንም ይሁን ሌላ፣ ከምን ተነሥቶ የት እንዳደረሰ የሚታወቀው እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖር ነው።

ለአክስቴ ልጅ የዘገየውን መልሴን የሰጠኋት በዚሁ መንገድ ነው። «መብራቷን ለጊዜው አስቀምጫት፤ አስቀድመን ልቡን እናስመርምር፤ ከዚያ መነጽር ሠሪ ዘንድ እንሂድ» አልኋት። ልጁ አሁን መነጽሩ ላይ በተገጠመ ቀጭን ሽቦ ቆቡን ደግፎ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ያነባል፤ የልብ ምርመራ ቀጠሮውም በየስድስት ወሩ ነው። መብራቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። እናቱ አልጣለቻትም፤ እኔም ጣያት አላልኋትም።